ሰፈራችን መግቢያ ላይ ኬላ ሊተከል ነው፤ ኮሚቴው ሊያስገድደን ይችላል?

ሐረጎ ማዶ · ሰኞ ማታ

ሰላም የወሎ ልጆች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሰፈራችን ደሴ ዳር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ነገር ማጋጋል አልፈልግም። የሦስት ቤት ሥራ ማህበር ቦታ ጎን ለጎን ነው የተሰጠን፤ በድምሩ 68 ቤት ነን። መንገዱ፣ ዲቹ፣ አረንጓዴ ቦታው ሁሉ አስቀድሞ በፕላን ተሠምሮ ነው የጠበቀን። ቤታችንን ሠራን። ካርታችንንም በየስማችን ተቀበልን።

አሁን ከሦስቱም ማህበር ሰው ተውጣጥቶ አንድ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ባለፈው እሁድ ሰበሰቡንና የወሰኑትን አነበቡልን። በሁለቱ መግቢያ መንገዶች ላይ የብረት በር ይተከላል፣ ዘበኛ ይቀጠራል። እያንዳንዱ ቤት በወር 500 ብር ያዋጣል። መሃል ያለው አረንጓዴ ቦታ ይታጠርና አዳራሽ ተሠርቶበት ለሠርግ ይከራያል። ቤቱን የሚያከራይ ሰው ተከራዩን መጀመሪያ ለኮሚቴው ያሳያል፤ ኮሚቴው ካልፈቀደ አያስገባም። አልከፍልም ያለ ደግሞ ውሃው ይቆረጥበታል።

ዘበኛውን አልጠላሁትም። ባለፈው ወር ሁለት ቤት ተሰርቆብናል። የውሃው ነገር ግን አስደነገጠኝ። 16 ቁጥር ቤት ገዝቶ የገባ ሰውዬ «እኔ የፈረምኩት ነገር የለም» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ስብሰባውም በጭቅጭቅ ተበተነ። ሕግ የምታውቁ እስኪ ንገሩን።

የቧንቧ ውሃ ልጅ · ሰኞ ማታ

ወሎ ውስጥ ኬላ? ቡና ጠጡ ተብዬ ስመጣ ዘበኛ መታወቂያ ሊጠይቀኝ ነው? አቦሉም ቶናውም አልፎኝ በረካ ላይ ልደርስ ነዋ።

ጥቁር ካባ · ሰኞ ሌሊት

ሐረጎ ማዶ፣ ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ፒያሳ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ኮሚቴ ሥልጣኑን ከየት አመጣው?

እኛ ሀገር ብዙ ቤት በአንድ ላይ ሲሠራ ሁሉንም የሚገዛ አንድ ሕግ የለም። ኮንዶሚኒየም የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥሩ 370/1995 ነው። እዚያ ነገሩ ግልጽ ነው። ቤት የገዛ ሰው ወደደም ጠላም የባለቤቶቹ ማህበር አባል ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ነው። የጋራ ወጪ መክፈል ግዴታ ነው። ማህበሩ በራሱ ስም ይከሳል፣ ይከሰሳል። ቤቱ ሲሸጥ የጋራው ድርሻ አብሮ ይሄዳል፤ ነጥሎ ማስቀረት አይቻልም።

የናንተ ሌላ ነው። ቤት ሥራ ማህበር የሚቋቋመው በኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ነው፤ አሁን የምንሠራበት 985/2009 ነው። ማህበሩ ቦታ ይቀበላል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ቤት ያሠራል። ሁሉም ሰው ካርታውን በስሙ ካወጣ በኋላ የተቋቋመበት ጉዳይ አለቀ። ብዙ ቦታ በወግ እንኳ አይፈርስም። ማህተሙ የአንዱ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይቀርና ይረሳል። እናንተ ጋ ደግሞ የሦስት ማህበር ሰዎች ተሰብስበው አራተኛ ነገር ፈጠሩ። ተመዝግቧል? መተዳደሪያ ደንብ አለው? አንቺስ ፈርመሻል? የለም የለም ከሆነ መልሱ፣ እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶችሽ ናቸው እንጂ አስተዳዳሪዎችሽ አይደሉም።

ውሃውን ተዪው። ውል ያለሽ ከውሃ አገልግሎቱ ጋር ነው። ቆጣሪሽን የነካ ሰው ራሱ ነው የሚጠየቀው።

ሐረጎ ማዶ · ማክሰኞ ጠዋት

ተባረክ። አንድ ገጽ ወረቀት ነበረች፤ ከዓመታት በፊት ፈርሜባታለሁ። ግን ያኔ የነበረው ስለ ዘበኛ ብቻ ነው። አዳራሽ የሚባል አልነበረም። ማህተሙም እንዳልከው ነው፤ የኛ ማህበር ማህተም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

16 ቁጥር · ማክሰኞ ከሰዓት

ሐረጎ ማዶ ጤና ይስጥልኝ። ተነስቶ የወጣው ሰውዬ እኔ ነኝ። እዚህ እንገናኛለን ብዬ አላሰብኩም።

ለሰፈሩ ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ቤቱን ከመጀመሪያው አባል ከገዛሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ስገዛ ካርታውን አየሁ። ዕዳ እግድ እንደሌለበት አጣራሁ። ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ስለ ወርሃዊ መዋጮ አንዲት ወረቀት አላየሁም። አሁን «የቀድሞው ባለቤት ፈርሞልሃል» ይሉኛል። የሱ ፊርማ እኔን እንዴት ነው የሚያስረኝ?

በዚያ ላይ ሥራዬ ብየዳ ነው። ግቢዬ ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ። ቀጥሎ «ብየዳ ክልክል ነው» ሊሉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እንጀራዬን ነው የሚነኩት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ · ማክሰኞ ከሰዓት

ኬላውን እሱ ይበይደውና መዋጮው ይቻቻል። ተፈታ!

ጥቁር ካባ · ማክሰኞ ማታ

16 ቁጥር፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ነው። ያንተን ጥያቄ የሚመልሰው አንቀጽም ቁጥሩ 1952 ነው። ተማሪ ሳለሁ በዚህ ነው በቃሌ የያዝኩት። ሕጉ ራሱ ለይቶ ካላወጣ በቀር፣ የውል ውጤት በተዋዋዮቹ መካከል ነው ይላል። ቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። እንግዲህ አስተያዩት። ሐረጎ ማዶን ያኔ የፈረመችው የዘበኛ ክፍያ ይይዛታል። አንተን አይይዝህም። አዳራሹ ሁለታችሁንም አይይዝም።

ግን ቶሎ ደስ አይበልህ። ብየዳህ በሌላ በር ይመጣብሃል። ቁጥር 1225 አለ። ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን ማወክ የለበትም፤ ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ ሽታው፣ ድምፁ፣ ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም ይላል። ልኩ የሚለካው በአካባቢው ልማድና በቦታው ሁኔታ ነው። ይህ የማንንም ፊርማ አይጠይቅም። ደግሞም ቦታህ ለመኖሪያ የተሰጠ ነው። በሊዝ አዋጁ በ721/2004 መሠረት ቦታ ለተሰጠበት አገልግሎት ነው የሚውለው፤ ልቀይር ካልክ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ኮሚቴው ዝም ቢልህ እንኳ አጥር የምትጋራው ሰው ሊከስህ ይችላል።

16 ቁጥር · ማክሰኞ ማታ

ሌሊት አልሠራም ወንድሜ። ዓርብ ከሰዓት አልሠራም። ጎረቤቴ ሲታመምም አቁሜያለሁ። ሌላው ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ።

ወሎዬ ከአሌክሳንድሪያ · ረቡዕ ጠዋት

ከቨርጂኒያ ነኝ። የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። ለናንተ እንግዳ የሆነው ነገር ለኛ የዕለት ኑሮ ስለሆነ ልንገራችሁ።

እዚህ ትልልቅ ሰፈሮች የሚሠሩት ከባዶ መሬት ተነስቶ ነው። አንድ አልሚ ሰፊ መሬት ይገዛል። መንገዱን፣ ሐይቁን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሱቁን፣ ሺዎቹን ቤቶች በአንድ ፕላን ይነድፋል። እኔ አጠገብ ያለችው ሬስተን እንዲህ ነው የተጀመረችው፤ በ1964 በነሱ አቆጣጠር። ስሟ እንኳ ከመሥራቿ ከሮበርት ኢ. ሳይመን የስም መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ሜሪላንድ ያለችው ኮሎምቢያ ደግሞ በ1967 ተከፈተች። እሷን ያሠራው ጄምስ ራውዝ ነው።

ዋናው ዘዴ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። አልሚው የመጀመሪያውን ቤት ከመሸጡ በፊት የሰፈሩን ደንብ በመሬት መዝገብ ላይ ያስመዘግባል። ማን ምን ያዋጣል፣ አጥር ስንት ሜትር ነው፣ በር ምን ቀለም ይቀባል፣ ፓርኩን ማን ያስተዳድራል፤ ሁሉም አለበት። ከዚያ በኋላ ቤቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ አሥረኛው ገዢም ይታሰርበታል። ግዴታው ሰውዬውን ትቶ መሬቱን ነው የሚከተለው። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ቤቱ ላይ ዕዳ ይመዘገብበታል። በብዙ ግዛት ቤቱን እስከማሸጥ ይደርሳል። ቨርጂኒያ ለነዚህ ማህበራት በ1989 የራሳቸውን ሕግ አወጣችላቸው። ቤት ስገዛ ደንቡን በጥራዝ ሰጥተውኝ «አንብብ፤ ካልተስማማህ በ3 ቀን ውስጥ ውሉን ትተወዋለህ» ተብያለሁ። አላነበብኩም። ማን ያነባል?

ዋጋዬን አገኘሁ። በርበሬ በረንዳ ላይ አስጥቼ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ የበርበሬዬ ፎቶ ተያይዞበታል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ማህበሩ ግን ሁሉን ማድረግ አይችልም። የዲሽ ነገር ትዝ ይለኛል። ከ1996 ጀምሮ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ደንብ አለ። በራስህ ይዞታ ላይ እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ብትሰቅል ማህበሩ ሊከለክልህ አይችልም። እንግዲህ የኢትዮጵያን ቻናል በሕግ ነው የማየው።

አንድ ነገር ደግሞ በርቱና ተጠንቀቁ፤ የተከራዩ ጉዳይ። በዚህ ሀገር ድሮ ይህንኑ ከመሬት ጋር የሚሄድ ደንብ ተጠቅመው «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» ብለው ያስመዘግቡ ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ፍርድ ቤቶች ይህን ማስፈጸም አይችሉም» አለ። በ1968 ደግሞ ሕግ ወጥቶ ጨርሶ ተከለከለ። በአንዳንድ አሮጌ ቤት ወረቀት ላይ ግን ጽሑፉ እስከ ዛሬ አለ። «ኮሚቴው ያላጸደቀው ተከራይ አይገባም» ስትሉ ነገ ማን ኮሚቴ እንደሚሆን አታውቁም። ዛሬ ሌባ ለመከላከል ነው፤ ነገ «የእገሌ ዘር፣ የእገሌ ሃይማኖት» ይመጣል።

ጥቁር ካባ · ረቡዕ ከሰዓት

ተከራዩን በተመለከተ ልክ ነህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 የእኩልነት መብትን፣ አንቀጽ 32 የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነጻነትን አስቀምጧል። 68 ሰው ተሰብስቦ እጁን ስላወጣ ይህ አይሻርም። «ማን እንደተከራየ አሳውቁን» ማለት ሌላ ነው፤ ለጸጥታ ሲባል ቀበሌም ይጠይቃል። «እኛ ካልፈቀድን» ሲባል ነው የሚበላሸው።

እማማ ሀይቅ · ረቡዕ ማታ

ልጆቼ፣ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ስናገር እሷ ትነካካለች።

የአሜሪካውን ሰምቼ ገረመኝ። በርበሬ ማስጣት ይከለከላል? አይ አለማወቅ።

እኛ ቅሬ አለን። ቅሬያችን መዝገብ ቤት አልሄደም። ሰው ሲሞት ቆሞ የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል እሱ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። የቀረ ሰው ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ይወገዛል። ዳኛ አላየነውም፣ ፖሊስ አላየነውም። ግን ቅሬ ያወጣውን ሰው እሳት የሚያበድረው የለም። ጉዳዩ ከከበደ አበጋሮች ይቀመጣሉ፤ ሁለቱን ወገን ያስታርቃሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን 16 ቁጥር የምትሉትን ልጅ ቅሬ አስገብታችሁታል? ወይስ ገና ሳትተዋወቁት ነው 500 ብር አምጣ ያላችሁት?

ሐረጎ ማዶ · ረቡዕ ማታ

እማማ፣ አላስገባነውም። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ ሰላም ከመባባል አላለፍንም።

16 ቁጥር · ረቡዕ ማታ

እማማ ዕድሜ ይስጥልኝ። ባለፈው ሰኔ እናቴ ስታርፍ ከሰፈሩ የመጡት ሦስት ቤት ብቻ ናቸው። ሌላው እንዳልሰማ አውቃለሁ። ግን ተሰምቶኛል፤ አልዋሽም።

ኮምቦልቼው · ሐሙስ ጠዋት

እኛ ኮምቦልቻ ኮንዶሚኒየም ነን። ጥቁር ካባ ያመሰገነው አዋጅ እኛ ጋ አለ። ግን ደረጃው ላይ አምፖል የለም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ኪራይ ተወደደ። ብዙ ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ደሴ ወይ አዲስ አበባ ተቀመጠ። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል። ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። የውሃ ፓምፑ ሲቃጠል ከአራተኛ ፎቅ እናቶች ጄሪካን ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። እኔ ተሰልፌ ገንዘብ ስለምን ጎረቤቴ «ሕግ አለ አይደል፣ ክሰስ» አለኝ። ለ200 ብር ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል?

ጥቁር ካባ · ሐሙስ ጠዋት

ኮምቦልቼው፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው፤ የጋራ ወጪ ዕዳው የባለቤቱ ነው። ተከራይና አከራይ በመካከላቸው «አንተ ክፈል» ቢባባሉ ማህበሩን አያገባውም። ለአንድ ወር 200 ብር አትክሰስ። ማህበሩ በጽሑፍ እያስጠነቀቀ፣ ዕዳውን በመዝገብ እየያዘ ያከማቸው። ሰውዬው አንድ ቀን ቤቱን ሲሸጥ የግድ ወደናንተ ይመጣል። ገዢው «ከማህበሩ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት አምጣ» ማለት ከለመደ ግማሽ ችግራችሁ ተቃለለ። ችግሩ ብዙው ገዢ የባንኩን ዕዳ እንጂ የሰፈሩን ዕዳ አይጠይቅም።

ጡረተኛው ቀያሽ · ሐሙስ ከሰዓት

ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ነው የምታወሩት። ስለ መሬቱ ማን ይናገር?

ወሎ ውስጥ በፕላን ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ሐረጎ ማዶ፣ ያ «አረንጓዴ ቦታ» የምትይው ቁልቁል የሚሄድ ረዘም ያለ ቀጭን ቦታ ነው አይደል? በላይ በኩል ተዳፋት አለ፣ በታች ዲች አለ። ሳላየው አውቀዋለሁ። ደሴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ ነው የተቀመጠችው። ክረምት ሲገባ የላይኛው ውሃ ሁሉ በሰፈር መሃል አቋርጦ ወደ ቦርከና ነው የሚወርደው። ፕላነሩ ያንን ቦታ አረንጓዴ የቀባው አበባ እንድትተክሉበት ብቻ አይደለም። ጎርፉ መሄጃ እንዲያገኝ ነው። አዳራሹን ሥሩ፤ ነሐሴ ላይ ሠርገኛው ዋኝቶ ይመጣል።

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 አለ። ከላይ ለ10 ዓመት የሚያገለግል መዋቅራዊ ፕላን አለ። ከሱ ሥር የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ ቢሮ ውስጥ ኤልዲፒ የምንለው። የናንተ ሰፈር የተሠመረው በዚህኛው ነው። በኤልዲፒ አረንጓዴ የተባለን ቦታ አዳራሽ ማድረግ የፕላን ለውጥ ነው። ይህን የሚወስነው ከተማው ነው፤ ኮሚቴ አይደለም፣ 68ቱ ቤት አንድ ላይ ቢስማማም አይደለም። ቦታው በማንም ካርታ ውስጥ የለም እኮ። በሀገራችን የፕላን ስታንዳርድ 30 በመቶ መንገድ፣ 30 በመቶ አረንጓዴና የጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ግንባታ የሚባል መመሪያ አለ። ያንን 30 ፕላኑ ላይ አስቀርተን ስንሄድ ሁልጊዜ አንድ ሰው አጥር ይዞ ይመጣል። ሲሻው ለችግኝ ብሎ፣ ሲሻው ለመኪና ማቆሚያ ብሎ።

በሩም እንደዚያው ነው። መንገዱ የሕዝብ ነው። ከላያችሁ ያለው ሰፈር በዚያ አይደል የሚያልፈው? ምጥ የያዛት ሴት ይዞ የሚሮጥ ባጃጅ ሌሊት በር ተዘግቶበት ዘበኛ እስኪነቃ ይቆማል? የእሳት አደጋ መኪና እንኳ ያንን ዳገት መውጣቱ በቂ መከራ ነው።

ሐረጎ ማዶ · ሐሙስ ማታ

ጋሼ፣ ቦታው ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው። ዝናብ ሲመጣ መሃሉ ወንዝ ይሆናል። እኛ ግን «ባዶ ቦታ» ነው የምንለው።

መኪና የለኝም · ሐሙስ ማታ

ከላይኛው ሰፈር ነኝ። አዎ፣ በዚያ ነው የምናልፈው። በር ከተተከለ እኛም እንመጣለን፤ ይታወቅ።

አዲስ አበባ የቀረሁት · ዓርብ ጠዋት

የናንተ ጭንቀት ባገኘሁ። እኔ አዲስ አበባ ከአንድ ሪል ስቴት ቤት ገዛሁ፤ ስሙን ተዉት። ያሳዩኝ ሥዕል ላይ መዋኛ፣ ክሊኒክ፣ የልጆች መጫወቻ ነበረበት። ገብቼ በሁለተኛው ዓመት መጫወቻው ላይ ሌላ ብሎክ መቆፈር ጀመሩ። ውሌን አውጥቼ አየሁ። የቤት ቁጥር፣ ካሬ ሜትር፣ ዋጋ፣ የአከፋፈል ጊዜ ነው ያለው። መጫወቻ የሚል ቃል የለም። ሥዕሉ ማስታወቂያ ነው አሉኝ።

ጥቁር ካባ · ዓርብ ጠዋት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አለበት፤ ቁጥር 1723 ነው። እንግዲህ ያ ጽሑፍ ውስጥ ያልገባ ነገር ላይ መከራከር ዳገት ነው። የሰፈሩ ጠቅላላ ፕላን ከውሉ ጋር አባሪ ይሁን በሉ፤ በየገጹ ይፈረምበት። መጫወቻው፣ መንገዱ፣ የውሃ ጉድጓዱ የማን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ለማን መቼ እንደሚተላለፍ ይጻፍ። ለዚህ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የራሱ ሕግ አልነበረውም። በ2017 ነው ፓርላማው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚመለከት አዋጅ ያጸደቀው።

ጡረተኛው ቀያሽ · ዓርብ ከሰዓት

አንዲት ነገር ልጨምር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ከፈለ። ምድር ቤት ብቻ የሆነ ትንሽ ቤት «ሀ» ነው፤ ቀለል ይላል። ያው ቤት በሪል ስቴት መልክ ከተሠራ ግን «ለ» ይሆናል አለ። ቤቱ አልተለወጠም። አንድ ሰው የተሳሳተው ስህተት መቶ ቤት ላይ ስለሚደገም ነው። ይህን ያሰበ ባለሙያ ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ደግሞ «ሐ» ነው። የሠርግ አዳራሽ የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ፋይል ሊከፍቱ እንደሆነ ይወቁ።

ሐረጎ ማዶ · ዓርብ ማታ

ጥቁር ካባ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እንደ አሜሪካው መሬቱን የሚከተል ነገር እኛ ማድረግ እንችላለን? ነገ እኔ ብሸጥ ገዢዬ ዘበኛውን ላለመክፈል ይችላል ማለት ነው?

ጥቁር ካባ · ቅዳሜ ጠዋት

በሩ ጨርሶ ዝግ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1359 ጀምሮ «የንብረት አገልግሎት» የሚለው አለ። አንዱ ይዞታ ለሌላው ይዞታ ጥቅም ሲባል ግዴታ ይሸከማል፤ ባለቤት ቢቀያየርም አይወርድለትም። በዋናነት ለመተላለፊያ፣ ለውሃ መሄጃ ነው የሚሠራው። ዘበኛ ክፈል ለማለት አይመችም። በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 818፣ ደግሞ ከመብት ጋር ክልከላና ኃላፊነትም ይመዘገባል ብሏል። ካዳስተሩ፣ ማለትም የመሬት ይዞታ መዝገቡ፣ በደንብ ሲዳረስ የሰፈር ደንብ የሚያርፍበት ቦታ ያ ይመስለኛል። ይህ የኔ ግምት ነው።

ሌላው የኮንዶሚኒየም አዋጁ ነው። ብዙ ሰው ፎቅ ብቻ ይመስለዋል። ትርጉሙን ብታዪው አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ያለው፣ ወደ ላይ የተሠራም ሆነ ጎን ለጎን የተደረደረ ይላል። ገና ከጅምሩ በዚያ ለተመዘገበ ሰፈር ጥሩ ነበር። እናንተ ግን 68 ካርታ አውጥታችኋል። ያንን ሁሉ መልሳችሁ አንድ ላይ ማምጣት? በሕይወቴ አላየሁም።

ለአሁኑ የሚሠራው ትንሹ ነገር ነው። ደንቡን በጽሑፍ አድርጉ፣ የሚስማማ ይፈርም፣ የሚፈርም ሰው ደግሞ «ቤቴን ስሸጥ ይህን ደንብ ለገዢው አሳያለሁ፣ በሽያጭ ውሉም አስገባለሁ» የሚል አንቀጽ ይኑረው። ያኔ ገዢው ራሱ ፈራሚ ይሆናል።

ሐረጎ ማዶ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ

እንዴት ሰነበታችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ 16 ቁጥር ቤት ቡና አፈላን። እማማ ሀይቅ እንዳሉት ቅሬ አስገባነው፤ የመግቢያውን ከፈለ። ለእናቱም ዱኣ ተደረገ። ስብሰባው ዛሬ ነበር። ጋሼ ቀያሹ መጥተው አረንጓዴውን ቦታ ከላይ እስከ ታች አብረውን ተራመዱ። የጎርፉን ምልክት በአጥሮቹ ላይ በጣታቸው አሳዩን። ጉልበት ላይ ይደርሳል። አዳራሹን አጥብቆ የያዘው አንድ የኮሚቴ አባል ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ቢሆንም «ከተማውን ጠይቀን እናያለን» ብሏል። ይጠይቅ።

በሩ ቀርቷል። በሁለቱ መግቢያ ላይ የዘበኛ ጎጆ ብቻ ይሠራል። መዋጮው 350 ብር ሆነ። የተከራዩ አንቀጽ «ስምና ስልክ ማሳወቅ» ተብሎ ተስተካከለ። የውሃው ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ፤ ማን እንዳስገባው የሚያምን ግን ጠፋ። 68 ቤት ውስጥ 61 ፈርሟል። አራቱ ውጭ ሀገር ናቸው። ሦስቱ አንፈርምም ብለዋል። ምን እንደምናደርጋቸው ገና አልተስማማንም። ዘበኛው ለነሱም መጠበቁ አይቀርም፤ ያው ሰፈሩ አንድ ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ · እሁድ ማታ

ቡና ተፈልቶ እኔ ሳልጠራ? መታወቂያዬን ይዤ ልመጣ ነበር እኮ።

16 ቁጥር · እሁድ ሌሊት

እኔም ፈርሜያለሁ። የብየዳው ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽት አሥራ አንድ ተባለ፤ እሁድ የለም። ለአንድ ዓመት እንየው ተባብለናል። እስከዚያ ኢንዱስትሪ መንደር ቦታ እጠይቃለሁ። የጎጆዎቹን በር በይጄ ጨርሻለሁ፤ ሂሳብ አልቀበልም ብያለሁ። የሚዘጋው ከውስጥ ነው። መንገዱን አይነካም።